ትንሽ ካሜራ ላይ ትልቅ ሌንስ ለምትገጥሙ፦ የትኛው የትራይፖድ ፕሌት ይሻላል?

የማውቃቸው የጎንደር የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ አንሺዎች ግማሾቹ ወደ ትንሽ ካሜራ ዞረዋል፣ ሶኒ ኤ6000 ምናምን፣ ካኖን ኤም50 ምናምን፣ ሌንሱ ግን ያው የድሮው ነው። እኔም እንደዛው ነኝ። ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) ይሸጣል ይለወጣል፣ ሌንስ ግን ንብረት ነው፣ አንዴ 70-200 (ከ70 እስከ 200 ሚሊ የሚስበውን ሌንስ) የገዛ ሰው እስኪሰበርበት አይለቀውም። እና ምን ይሆናል፣ መዳፍ የምታህል ካሜራ ላይ ክንድ የሚያህል ሌንስ ይገጠማል፣ በእጅ ሲያዝ ብዙም ችግር የለውም፣ ጣጣው የሚመጣው ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ላይ ሲወጣ ነው። ፕሌት ማለት ከሥር በብሎን ታስሮ ትራይፖዱ ጭንቅላት ላይ የሚገባው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ሰሞኑን ሦስት ልጆች "የቱን ፕሌት ልዘዝ?" ብለው ስለጠየቁኝ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እዩት። ኤ6000 ከነባትሪው 344 ግራም ነው። የሶኒው 70-200 ኤፍ 2.8 ጂኤም ደግሞ 1480 ግራም ነው፣ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ካሜራው ሌንሱን ያዘ አይባልም፣ ሌንሱ ነው ካሜራውን የያዘው። ይሄን ሁሉ ወደፊት የሚስብ ክብደት ካሜራው ሥር ባለች አንዲት ብሎን ላይ ሰቅላችሁ ፕሌቱን ብትቀያይሩት ብትቀያይሩት ለውጥ የለውም፣ ብራንዱም ዋጋውም አያድናችሁም። ለዛ ነው እኔ የፕሌት ጥያቄ ሲመጣልኝ መጀመሪያ "ሌንሱ እግር አለው ወይ?" የምለው። እግር ማለቴ ሌንሱን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ኮላር የሚሉት፣ ሥሩ ጠፍጣፋ ሆኖ የብሎን ቀዳዳ ያለው።

እግር ካለው ነገሩ አልቋል፣ ፕሌቱ እዛ ነው የሚገባው፣ ካሜራው ሥር ምንም አይገባም። ይሄን ስል "ኧረ እኔ ሁለቱንም አለኝ፣ ካሜራውም ላይ አለ" የሚል አይጠፋም፣ ይኑርህ፣ ሌንስ ስትቀይር ትጠቀምበታለህ፣ 70-200ው ሲገባ ግን ትራይፖዱ የሚይዘው የሌንሱን እግር ይሁን። ጥቅሙ ክብደቱ ብቻ አይደለም። ቀለበቱን ላላ አድርጎ ካሜራውን ወደ ቁም ማዞር ይቻላል፣ የትራይፖዱን ጭንቅላት ወደ ጎን መድፋት ቀረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚገዛው ፕሌት ረጅሙ ነው። ለካሜራ የሚሸጡት አጫጭሮቹ 5 ሳንቲሜትር አካባቢ ናቸው፣ ለሌንስ እግር ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ያለው ነው የሚሆነው። ለምን ቢባል ሚዛን። ስሜን ለጭላዳ የምትወጡ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ 150-600 ይዛችሁ ሳንቃበር አካባቢ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ሌንሱን 600 ላይ ስትስቡት አፍንጫው ይረዝማል፣ 150 ላይ ሚዛኑን የጠበቀው ነገር 600 ላይ ወደፊት ይደፋል። ረጅም ፕሌት ካለ ክላምፑን (ጭንቅላቱ ላይ ፕሌቱን የሚጨብጠውን መያዣ) ላላ አድርጎ ሁለት ጣት ያህል ወደኋላ መሳብ ነው፣ በቃ። አጭር ከሆነ ግን የጭንቅላቱን ብሎን እስኪያቅታችሁ ታጠብቃላችሁ፣ እሱም ቢሆን ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጭላዳውም እስክታስተካክሉት አይጠብቃችሁም።

ሚዛኑን ቤት ውስጥ ፈልጉት። ሌንሱን በብዛት በምትጠቀሙበት ርዝመት ስባችሁ፣ ካሜራውን ገጥማችሁ፣ የሌንሱን ኮፍያም አድርጋችሁ፣ አልጋ ላይ ሆናችሁ (ቢወድቅም አልጋ ላይ ነው) እግሩን በአንድ ጣት ደግፉት። የማይደፋበትን ቦታ ስታገኙ ፕሌቱ ላይ በነጭ ቀለም ወይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበት። የኔ ፕሌት ላይ ሁለት ቀይ መስመር አለ፣ የእህቴ ጥፍር ቀለም ነው፣ በጨለማ ባትሪ ሳላበራ እንኳ በጥፍሬ ዳስሼ አገኘዋለሁ።

አንዳንድ ሌንስ እግሩ ራሱ ፕሌት ሆኖ ነው የሚመጣው። የታምሮን 150-600 ጂ2 ለምሳሌ እግሩ በአርካ ቅርጽ (ብዙ ክላምፕ የሚቀበለው የፕሌት ቅርጽ ነው፣ ወደታች እመለስበታለሁ) ተቆርጦ ነው የተሠራው፣ ለሱ ፕሌት መግዛት ብር ማባከን ነው። አንዳንዱ ደግሞ እግሩ ለብቻው ይሸጣል፣ የካኖን 70-200 ኤፍ 4 የመጀመሪያው ያለ እግር ነው ከካርቶን የሚወጣው፣ 705 ግራም ስለሆነ ካኖኖች ለትልቅ ካሜራ ችግር የለውም ብለው ይሆናል፣ ለኤም50 ግን ችግር ነው። ለሱ ቀለበቱን አስመስለው የሚሠሩ ቻይናዎች አሉ፣ ርካሽ ናቸው፣ ውስጡ ያለው ጨርቅ ቶሎ ስለሚሳሳ ይላላል እንጂ ከምንም ይሻላሉ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፣ እግር የሌለው ግን ወፍራምና ከባድ ሌንስ። ካኖን 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው፣ 805 ግራም፣ ሲግማ 18-35 ኤፍ 1.8፣ እሱም 810 አካባቢ። እነዚህ ምንም ቀለበት የላቸውም፣ ግዴታ ካሜራው ሥር መግባት አለበት ማለት ነው፣ ወይስ አይደለም?

አይደለም። አዳፕተር፣ ማለትም የሌላ ካሜራ ሌንስ እናንተ ካሜራ ላይ የሚያስገጥመውን ቀለበት፣ ከተጠቀማችሁ አዳፕተሩ ላይ መግባት ይችላል። የካኖኑ የኤም አዳፕተር ሲሸጥ የምትወልቅ ትንሽ የትራይፖድ እግር አብራው ትመጣለች፣ አብዛኛው ሰው "ይቺ ደግሞ ምንድናት" ብሎ ካርቶኑ ውስጥ ትቷት ይረሳታል፣ ሁለተኛ እጅ የገዛማ ጭራሽ አያገኛትም። ፈልጓት! ፕሌቱ እሷ ላይ ሲገባ መያዣው ከካሜራው ወደ ሌንሱ ጠጋ ይላል፣ ትንሽ ይመስላል ግን ያቺ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ልዩነት ታመጣለች። ሜታቦንስ የሚሉት የሶኒ አዳፕተርም እንዲሁ እግር አለው፣ እሱ ደግሞ አርካ ቅርጽ ስለሆነ ቀጥታ ክላምፕ ውስጥ ይገባል። እኔ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት በኤም50 እና በ24-70 ላነሳ ፈቃድ ጠይቄ ስገባ ነው ይሄን የተማርኩት። ያለ ፍላሽ ነው፣ ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ሹተሩ ግማሽ ሰከንድ አንድ ሰከንድ ይሄዳል፣ ሌንሱ ደግሞ ወደላይ ቀና ብሏል። ካሜራው ሥር ባለው ፕሌት አንድ ፊት ላይ ፎከስ አድርጌ ጭንቅላቱን አጥብቄ እጄን ስለቅ ፊቱ ከፍሬሙ እየሸሸ ይሄዳል፣ ጭንቅላቱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ተጎንብሼ ሳይ ጎማው ነው። ፕሌቱ ላይ ያለው ወፍራም ጎማ ከኋላ እየተጨፈለቀ ከፊት እየተነሳ ነበር። ፕሌቱን ወደ አዳፕተሩ እግር ሳዞረው ሙሉ በሙሉ ባይቀርም ሁለት ሰከንድ ጠብቆ ለማንሳት የሚበቃ ሆነ።

ስለ ጎማው ካነሳን፣ ስትገዙ ወፍራም ለስላሳ ጎማ ያለውን ተዉት። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲነካ ደስ ይላል፣ "ካሜራዬን አይቧጭርብኝም" ያሰኛል፣ ግን ልክ እንደ ፍራሽ ነው የሚሆነው። ቡሽ ይሻላል፣ ከሱም ስስ ጠንካራ ጎማ ወይ ምንም የሌለው ባዶ ብረት ይሻላል። ማስቲሹም ደግሞ የቀትር ፀሐይ ላይ ትራይፖዱ ቆሞ ከዋለ ይለሰልስና ጎማው መሸሽ ይጀምራል። ባዶ ብረት ላይ ካሜራው ከተንሸራተተባችሁ ከብስክሌት ካላማዳሪያ ስስ አድርጎ ቆርጦ ማስገባት ይቻላል፣ አንድ ድርብ ብቻ፣ ሁለት ካደረጋችሁት ተመልሶ ፍራሽ ነው።

አዳፕተር የለም፣ ሌንሱም እግር የለውም፣ ያኔ ነው የካሜራ ፕሌት ምርጫ እውነተኛ ምርጫ የሚሆነው። ሦስት ዓይነት ነው ያለው እንበል፣ አንደኛው ተራው አራት ማዕዘን ፕሌት ነው፣ ከየትኛውም ትራይፖድ ጋር የሚመጣው። ሁለተኛው ለካሜራው ሞዴል ተለክቶ የተሠራ፣ ጠርዙ ላይ ከንፈር ያለው፣ ካሜራው ከኋላ ወይ ከፊት ተደግፎ እንዳይዞር የሚያደርግ። ሦስተኛው ኤል ብራኬት የሚሉት፣ ከሥር ጀምሮ በካሜራው ጎን ወደላይ የሚታጠፍ።

ተራው ፕሌት ለትንሽ ካሜራ ሁለት ጣጣ አለው። አንዱ የባትሪውን በር ይዘጋል፣ ይሄ የሚያናድድ ነው ግን አይገልም። ሁለተኛው ወደፊት ተርፎ ይወጣና ከሌንሱ ሆድ ጋር ይጋጫል። ኤ6000 ቁመቱ 66.9 ሚሊ ነው፣ የ70-200ው ወርድ 88 ሚሊ፣ እንግዲህ አስሉት፣ ሌንሱ ካሜራው መሃል ላይ እንኳ ቢቀመጥ ከሥር አንድ ሳንቲሜትር ይተርፋል። 70-200ው እግር ስላለው ያመልጣል፣ እግር የሌለው ወፍራም ሌንስ ግን የፎከስ ቀለበቱ ፕሌቱን እየፋቀ ነው የሚዞረው፣ ወይ ጭራሽ አይገባም። እዚህ ላይ ፕሌቱን ወደኋላ ስቦ ማሰር ነው፣ ከዛም አልሆን ካለ ከሥሩ ከፍ የሚያደርግ ብረት መጨመር። አንድ ልጅ ሮንዴላ ደርድሮ ከፍ ሲያደርግ አይቻለሁ፣ በፍጹም አታድርጉት፣ ካሜራው በሮንዴላዋ ስፋት ልክ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ በአንድ ብር ሳንቲም ላይ የቆመ ጠረጴዛ በሉት። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም በካሜራው ሥር ልክ አስቆርጡ፣ ለአንድ ቶርኖ ሠሪ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከንፈር ያለው ከተራው በጣም ይሻላል፣ ለምን እንደሚሻል ላሳያችሁ። ጥምቀት ላይ፣ ጥር 11 ጠዋት፣ ፋሲል መዋኛ ጋ ከሌሊት ጀምሮ ቦታ ይዤ ቆሜ ነበር። ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ መዝለል ሲጀምሩ ቁም ፍሬም ፈለግኩ፣ ከላይ የዛፉ ሥር ግንቡን እንዳቀፈው፣ ከሥር ውሃው፣ እና የትራይፖዱን ጭንቅላት ወደ ግራ ደፋሁት። ተራ ፕሌት ነው ያለኝ። ስንት እንዳነሳሁ አላውቅም፣ ቤት ገብቼ ሳየው የመጀመሪያው ልጅ ሲዘል ፍሬሙ ውስጥ ነው፣ አሥረኛው ላይ እግሩ ብቻ ቀርቷል፣ ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ ውሃ ነው። ሌንሱ ቀስ እያለ ወደታች ዞሯል፣ እኔ ደግሞ በግፊያው መሃል ስክሪኑን ማየት ትቼ ዝም ብዬ ነው የምጫነው።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው የገባኝ ነገር አለ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። የካሜራው አናት ወደ ግራችሁ ከተደፋ የሌንሱ ክብደት ብሎኗን በሚፈታት አቅጣጫ ነው የሚስበው። አናቱ ወደ ቀኝ ከተደፋ፣ ማለትም የመጫኛው ቁልፍ ያለበት ጎን ወደ ታች ሲሆን፣ ያው ክብደት ብሎኗን ያጠብቃታል። ቤታችሁ ሞክሩት፣ ብሎኗን በልኩ ብቻ አጥብቃችሁ በሁለቱም በኩል ድፉት፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ስለዚህ ተራ ፕሌት ብቻ ያለው ሰው ቁም ሲያነሳ ወደ ቀኝ ይድፋ። ከንፈር ያለው ግን ወደየትም ቢደፋ ካሜራው ከንፈሩ ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ ልዩነታቸው ይሄ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ለአንድ ሞዴል ብቻ መሆኑ ነው፣ ካሜራ ከቀየራችሁ ፕሌቱ የቁልፍ መያዣ ይሆናል።

ኤል ብራኬት ጥሩ ነገር ነው፣ ቁም ሲያስፈልግ ካሜራውን አውልቆ በጎኑ ማስገባት ነው፣ ጭንቅላቱ ቀጥ እንዳለ ይቀራል፣ ክብደቱም ከትራይፖዱ እግሮች መሃል አይወጣም። ግንቦቹን፣ ቁስቋምን፣ መልክዓ ምድር ለሚያነሳ ሰው እሱን እመርጥለታለሁ። ለከባድ ሌንስ ግን ወደፊት መደፋቱን አያስቀርም፣ ያስቀረው መዞሩን ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ። የማይክ መሰኪያ በር የሚዘጋም አለ፣ ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቪዲዮ ስል፣ የሰርግ ልጆች አብዛኛው የያዛችሁት ያ ጥቁሩ የቻይና የቪዲዮ ትራይፖድ ነው፣ እሱ የራሱ ረጅም ፕሌት አለው፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት። አርካ ፕሌት እሱ ውስጥ አይገባም፣ የማንፍሮቶም ከአርካ ጋር አይገባም፣ "ኩዊክ ሪሊዝ ነው" ስለተባለ ሁሉም አንድ ይመስላችኋል፣ አይደለም። ያላችሁን ትራይፖድ ይዛችሁ ብትቆዩ፣ በዛው ፕሌት ላይ የሌንሱን እግር እሰሩ፣ አቅጣጫውም ራሱ ልክ ይመጣል። ሁለት ትራይፖድ ካላችሁ ግን የቪዲዮው ፕሌት ላይ የአርካ ክላምፕ በብሎን አስራችሁ ሁሉንም ወደ አርካ አምጡት። አርካ ስዊስ የድርጅት ስም ነው፣ ቅርጹን ግን ሁሉም ቀድቶታል፣ 38 ሚሊ አካባቢ ስፋት ያለው፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ሰያፍ የሆነ። ሁሉም ሲቀዳው ታዲያ በትንሽ በትንሽ ይለያያል፣ ለዛ ነው በብሎን የሚጠብቅ ክላምፕ በሊቨር፣ በሚታጠፍ እጀታ፣ ከሚዘጋው ይሻላል የምለው፣ ብሎኑ የመጣለትን ይጨብጣል፣ ሊቨሩ ግን ለራሱ ፕሌት ተለክቶ የሌላውን ወይ አይዘጋም ወይ ዘግቶ ያላላዋል። በሊቨር ክላምፕ ሙሽራ ፊት ካሜራ የጣለ ሰው አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም፣ እሱ ራሱ ያነበዋል።

ፕሌቱ ጫፍና ጫፍ ላይ ከሥር ትንንሽ ብሎኖች አሉ አይደል፣ እነሱ ለጌጥ አይደሉም፣ ክላምፑ ቢላላ እንኳ ፕሌቱ ተንሸራትቶ እንዳይወጣ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። አንዳንዱ ክላምፕ ውስጥ አልገባም ሲል ሰዎች ይፈቷቸዋል። የፊተኛውን ፍቱ፣ የኋለኛውን ተዉት።

የመጨረሻው የብሎኗ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ረዘም ልበልና ታገሡኝ ምክንያቱም ካሜራ አበላሽቼበታለሁ። የካሜራ ብሎን 1/4 ኢንች ነው፣ ማለትም 6.35 ሚሊ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ። አንድ የከተራ ዕለት ጠዋት የፕሌቴ ብሎን ጠፋችብኝ፣ ታቦት ሊወጣ ነው፣ ሮጥ ብዬ ብሎን ከሚሸጥበት ሱቅ 6 ሚሊ ገዛሁ፣ ውፍረቱ በዓይን አንድ ነው የሚመስለው። ሁለት ዙር ደህና ገባች፣ ከዛ ከበደች። "አዲስ ስለሆነች ነው" ብዬ በቁልፍ ጨመርኩላት። የ6 ሚሊዋ ጥርስ በየ1 ሚሊው ነው፣ የካሜራው በየ1.27 ሚሊ፣ እንዴት ይግባቡ። ስፈታት የካሜራውን ጥርስ እንደ ወርቅ ፍርፋሪ ይዛ ወጣች። ያ ቦዲ እስከ ዛሬ በሌንስ እግር ብቻ ነው የሚሠራው፣ እግር የሌለው ሌንስ ሲገባ በእጅ ነው።

ርዝመቷንም እዩ። ከፕሌቱ በላይ ወጥታ የምትታየው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ትሁን፣ ከዛ በላይ ከሆነች መጨረሻዋ የካሜራውን ሆድ ትገፋለች፣ ካጠረች ደግሞ ሁለት ጥርስ ላይ ብቻ ነው ያን ሁሉ ክብደት የምትሰቅሉት። ስስ ፕሌት ገዝታችሁ የወፍራሙን ብሎን ወደ እሱ ማዞር ይሄን ያመጣል። የትልልቅ ሌንሶች እግር ላይ ደግሞ 3/8 ቀዳዳ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ውስጡ 1/4 የሚያደርግ ቀለበት ገብቶለት፣ አውልቃችሁ 3/8 ብሎን ከተጠቀማችሁ ይበልጥ ይጠብቃል፣ ሁለት ቀዳዳ ካለው ደግሞ በሁለት ብሎን እሰሩት፣ ያኔ መዞር የሚባል ነገር ተረሳ።

እንግዲህ ብራችሁ አንድ ነገር ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ ሌንሱ እግር ካለው 10 ወይ 12 ሳንቲሜትር የሆነ የአርካ ፕሌት በሁለት ብሎን፣ እግር ከሌለውና አዳፕተር ካላችሁ የአዳፕተሩን እግር፣ ሁለቱም ከሌለ ለሞዴላችሁ የተሠራ ከንፈር ያለው። ከአዲስ አበባ የሚልክላችሁ ሰው ካለ የካሜራውን ሥር በማስመሪያ ለክታችሁ፣ የብሎን ቀዳዳው ከባትሪው በር ስንት ሚሊ እንደሚርቅ ጭምር ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፣ "ለካሜራ የሚሆን ፕሌት" ካላችሁት ተራውን ነው የሚልክላችሁ። እና የፕሌቱ ብሎን የሚጠብቀው ባለ ስድስት ጎን በሆነችው ቁልፍ፣ አለን በሚሏት፣ ከሆነ ከመጀመሪያው ሁለት ቁልፍ አዝዙ። የኔ አንዷ ቤት ናት፣ አንዷ ትራይፖዱ እግር ላይ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልላ ነው ያለችው፣ ከሰርግ በፊት ጣቴን እዛ ላይ አድርጌ መኖሯን ሳላረጋግጥ ከቤት አልወጣም።